በተለይ ሰባተኛው ምዕራፍ

ሰው ፊት ቀና ብዬ መሄድ ካቃተኝ ሰነባበተ። ቦንጋ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ለሚሄድ ሰው የምትመች ከተማ አይደለችም። ዳገትና ቁልቁለት ናት። አንገት ደፍተው ሲወጡ ከላይ የሚምዘገዘገው ባጃጅ አይታይም፤ አንገት ደፍተው ሲወርዱ ደግሞ ዝናብ ያራሰው ቀይ አፈር እግር ይዞ ይሄዳል። ሰሞኑን ገበያው አጠገብ ተንሸራትቼ ወድቄ ስነሳ አንዲት ጎመን ሻጭ «አይዞህ መምህር» አለችኝ። ከመውደቄ ይልቅ መምህር መሆኔን ማወቋ አመመኝ። ከተማው በሙሉ ነገሩን የሰማ ይመስለኛል። ከሌላ ሰው ተጨማምሮበት ከምትሰሙት ከእኔው ከባለቤቱ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው አሁን የማወራችሁ።

የመጣሁት ከደሴ ነው። እዚህ ከተማ ባለ አንድ ኮሌጅ የሜካኒካል ምህንድስና አስተምራለሁ። የኮሌጁ ስም ይቆየኝ፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሱ አይደለም። ከምናስተምራቸው ትምህርቶች አንዱ ሂት ትራንስፈር ይባላል፤ የሙቀት ዝውውር ማለት ነው። ሙቀት ከምድጃው ወደ ድስቱ፣ ከድስቱ ወደ ወጡ፣ ከወጡ ወደ ምላሳችን በምን መንገድ እንደሚሄድ የሚያጠና ነው። የሰው ፊት እሳት ሳይነካው፣ ፀሐይ ሳያገኘው፣ እንዲሁ በሀፍረት ለምን እንደሚግል ግን የትኛውም ምዕራፍ ላይ የለም። እሱን በራሴ ጥረት ደረስኩበት።

ነገሩ የተጀመረው በስብሰባ ነው። ተማሪዎቻችን ዲግሪያቸውን ለመያዝ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለባቸው። እኛ መምህራን ደግሞ እያንዳንዳችን የየራሳችን ሃንድአውት ነበረን፤ አንዱ ያስተማረውን ሌላው አያውቀውም። ተማሪዎቹ ከፈተና ወጥተው «የመጣው ጥያቄ የማንም ሃንድአውት ውስጥ የለም» ማለት ሲያበዙ የዲፓርትመንታችን ኃላፊ ሠናይት ሰበሰበችንና ከዛሬ ጀምሮ ለሂት ትራንስፈር ሁላችንም የምንጠቀምበት አንድ መጽሐፍ ይመረጥ አለች። ሁላችንም ደገፍን። በእኛ ቤት ሐሳብ መደገፍ ላይ ችግር የለም። ችግሩ ማን ይሥራው የሚለው ላይ ነው፣ ለእሱም ቢሆን የቆየ አሠራር አለን፦ ስልክ ለማንሳት ከስብሰባው የወጣ ሰው ይመረጣል። እኔ የወጣሁት አከራዬ ውሃ መጣች ብላ ስትደውልልኝ ነው። ስመለስ ጭብጨባ ጠበቀኝ።

ለምርጫ የቀረቡት ሦስት ነበሩ። አንደኛው ከባሕር ማዶ የመጣ ወፍራም መጽሐፍ ነው፣ ቢሯችን ውስጥ በሩ በነፋስ እንዳይዘጋ የምንደግፈው በእሱ ነበር። ምሳሌዎቹ በሙሉ በረዶ ስለወረደበት መስኮትና ክረምት ከበጋ ስለሚሞቅ ሳሎን ነው። ሁለተኛው ቀጠን ያለ ሲሆን የቤተ መጻሕፍታችን ቅጂ መሀል መሀሉ ተቀዷል፤ ተማሪ ለፈተና የሚፈልገውን ገጽ እየቀደደ ወስዶታል። እውነት ለመናገር የተቀደደውን በማየት ብቻ ምን ምን ፈተና ላይ እንደሚመጣ ማወቅ ይቻላል። ሦስተኛው የጋሽ ወልዴ ነው።

ጋሽ ወልዴ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ የእኛው ክፍል መምህር ናቸው። እዚሁ ካፋ ተወልደው፣ ሩቅ ተምረው ተመልሰው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሠናይትን አስተምረዋታል። እኔን ባያስተምሩኝም እዚህ ስመጣ የምከራየው ቤት ፈልገው ያገኙልኝ፣ የመጀመሪያውን ክረምት እርጥበት ሲያስለኝ ጋቢ ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። በእንግሊዝኛ የጻፉት መጽሐፍ ምሳሌዎቹ በሙሉ ከዚህ ከአካባቢው ናቸው፤ የባጃጅ ሞተር፣ የቡና ማድረቂያ አልጋ፣ የከተማችን የዳቦ ምድጃ። ረቂቁን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልለው ቢሮዬ ድረስ መጡና እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም» አሉኝ። «አንተ ዓይን ሁነኝ። ስህተት ካየህ ንገረኝ፣ እንዳትራራልኝ። ተማሪ እጅ ሳይገባ ነው ማወቅ የምፈልገው።»

ከዚህ የበለጠ ግልጽ አማርኛ የለም። እኔ ግን የአስተዳደግ ጣጣ ሆኖብኝ ሌላ ነገር ሰማሁ። ያደግኩበትን ታውቁታላችሁ። እናቴ «ምንም የለም፣ ቤት ያፈራውን ቅመሱ» ካለች በጉ ታርዷል ማለት ነው። እንግዳው «ጠግቤያለሁ» ካለ ገና መጀመሩ ነው። የተሰጠውን ስጦታ «ምነው ተቸገርክ» ብሎ የሚገፋ ሰው እጁን የሚዘረጋው ወደ ስጦታው ነው። እንግዲህ አንድ ትልቅ ሰው መጥተው ስህተቴን ንገረኝ ሲሉኝ፣ ቶሎ ብዬ ወደ ትክክለኛው ትርጉሙ መለስኩት፦ ጥሩ ነው በለኝ። ተርጉምልኝ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ላነብበው አስቤ ነበር፤ ይህን እመኑኝ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት። በየቀኑ አየዋለሁ። አንድ ቀን አቧራውን ጠረግኩለት። ዝናብ ሲመጣ መብራት ይጠፋል፣ መብራት ሲመጣ የተማሪ ፈተና ማረም አለ፣ ፈተናው ሲያልቅ ደክሞኛል። አንድ ቅዳሜ የሥራ ባልደረባችን ዋጫ የምትባል ከተማ ሲዳር ሚኒባስ ውስጥ አነብበዋለሁ ብዬ ይዤው ሄድኩ። ሚኒባሱ ከልኩ በላይ ጭኖ፣ መስኮቱ አልከፈት ብሎ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሙቀቱ ሊገድላቸው ሲደርስ ረቂቁን ከጉልበቴ ላይ አንስተው ማራገብ ጀመሩ። ለእኔም ነፋሱ ደረሰኝ። የጋሽ ወልዴ መጽሐፍ ያን ቀን ስለ ሙቀት የሰጠኝ ትምህርት ይኸው ነው። ሴትዮዋ ስንወርድ መርቀው መለሱልኝ።

ሰኞ ዕለት ጋሽ ወልዴ ኮሪደር ላይ አገኙኝ። መጽሐፉን አየኸው አሉኝ። አየሁት ጋሼ፣ ግሩም ነው አልኳቸው። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምን ነበረበት። ግን ዝም ብለው ቆሙ። እኔ ደግሞ የሰው ዝምታ አልችልም። ትልቅ ሰው ፊቴ ቆሞ ዝም ካለ አፌ የሆነ ነገር ፈልጎ ያመጣል።

«በተለይ ሰባተኛው ምዕራፍ» አልኩ።

ለምን ሰባት እንዳልኩ ብትጠይቁኝ መልሴ ያሳፍራል። ሦስት ብል ገና መጀመሪያው ላይ ነው የቆምኩት የሚያስብል መሰለኝ፤ ዘጠኝ ብል ደግሞ ዘጠኝ ምዕራፍ እንዳለው አላውቅም። ሰባት ጨዋ ቁጥር ነው። ጋሽ ወልዴ ትከሻዬን ያዙኝ። ፊታቸውን ወደ ፊቴ በጣም አስጠጉ፤ በዚያን ጊዜ የፍቅር መስሎኝ ነበር።

«ሰባተኛው? እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ ጋሼ።»

«እሱን ነበር የፈራሁት። የሠራሁት ዓይኔ ከደከመ በኋላ ነው። አንድ ያልጣመኝ ነገር ነበረው፤ ምኑ እንደሆነ ግን አጣሁት። እንደገና ከመጀመሪያው ልሠራው ነበር።»

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እዩልኝ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር። «እንደገና ይሥሩት» ማለት ይቻል ነበር። «ልድገመውና እነግርዎታለሁ» ማለት ይቻል ነበር። ማስነጠስም ይቻል ነበር። እኔ የመረጥኩት ግን ሌላ ነው።

«ኧረ እንዳይነኩት» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር በሳምንቱ ነጭ ማር በብርጭቆ ማሰሮ ላኩልኝ፤ ለዓይኑ ነው፣ ለኛ ብሎ ሲያነብ ደክሞታል አሉ። ማሰሮውን ረቂቁ አጠገብ አስቀመጥኩት። ማሩን በልቼ ጨረስኩት፣ ረቂቁ እንዳለ ነው። ማሰሮውን ባዶ ልመልስ ስሄድ ደግሞ ሞልተው ሰጡኝ። ባዶ ማሰሮ የማይመልስ ቤት ውስጥ ባዶ እጄን መግባቴን ማንም አልነገረኝም።

የምርጫው ስብሰባ ቀን ሠናይት ከሦስቱ የትኛው ይሻላል ብላ ጠየቀችኝ። ተነሥቼ ተናገርኩ። አምላክ ያሳያችሁ፣ ካላነበብኳቸው መጻሕፍት አንዱን ካላነበብኩት ከሌላው ጋር አወዳደርኩ። አንደኛው ከአገራችን ሁኔታ ጋር አይጣጣምም አልኩ፣ ሁለተኛው ክፍተት አለበት አልኩ፤ ይሄ እንኳ እውነት ነው፣ ተቀዷል። የጋሽ ወልዴ ግን አልኩና ሰባተኛውን ምዕራፍ አነሣሁ። አንድ ሰው ድክመቱስ ምንድን ነው አለ። በጥሞና ካሰብኩ በኋላ ድክመቱ ቢበዛ ቁጥብነቱ ነው ብዬ መለስኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አንዱ «መምህር እንዳለው» እያለ ጀመረና የእኔኑ ደገመ፤ ሌላው የእሱን ደገመ። ጋሽ ወልዴ ጥግ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። ደስ ብሏቸው ነበር። እኔም ደስ አለኝ፣ ይህን አልደብቅም። መልካም ሥራ የሠራሁ ነበር የመሰለኝ።

መጽሐፉ ተባዝቶ ለመውጫ ፈተና ለሚዘጋጁት ተማሪዎች የታደለ ቀን ጋሽ ወልዴ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። መቅድሙን በአማርኛ ነበር የጻፉት። እንዲያነቡት ሲጠየቁ ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ትንሽ ቆዩና «አንተ አንብብልኝ» ብለው ሰጡኝ። መድረክ ላይ ወጥቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። ለወላጆቻቸው ምስጋና፣ ለእትዬ አስቴር ምስጋና፣ ከዚያ ቀጥሎ «ይህን መጽሐፍ በተለይም ሰባተኛውን ምዕራፍ መስመር በመስመር መርምሮ ላረጋገጠልኝ ልጄ» ይልና የእኔ ስም። የራሴን ስም በራሴ አፍ አነበብኩት። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ጆሮዬ ጋለ፣ አንገቴ ጋለ። እዚያ መድረክ ላይ ማድረቂያ ቢሰቀልብኝ የአንድ ቤተሰብ ቡና ይደርቅ ነበር።

ያኔም እንኳ ወደ ቤቴ ሄጄ ያን ምዕራፍ መግለጥ እችል ነበር። አልገለጥኩትም። ለምን ብትሉኝ አሁን ደግሞ ፈርቼው ነበር። ካላነበብኩት ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ካነበብኩት ግን ምን እንደሚገጥመኝ አላውቅም። ስሙ መቅድም ላይ የገባ ሰው ሁሉ እንዲህ ይሆን እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ሆንኩ።

ቀጥሎ ለፈተና የሚዘጋጁት ተማሪዎች ጥያቄ የሚጠይቁበት ክፍለ ጊዜ ተያዘልኝ። ከተማሪዎቹ ውስጥ ብርቱካን የምትባል ከዋጫ በኩል የመጣች ልጅ አለች። ባለፈው ዙር ለጥቂት ነው የወደቀችው። ይኸኛውን ካላለፈች ዲግሪውም የለም፣ በዲግሪው ቃል የተገባላት ሥራም የለም። ዝምተኛ ናት። እጇን አወጣችና ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ አለች።

ሰባተኛው ምዕራፍ ራዲዬሽን ነው፤ ሙቀት መሀል ላይ የሚያሻግረው ነገር ሳያስፈልገው የሚደርስበት መንገድ። ከምድጃ ፈንጠር ብለን ስንቆም ፊታችንን የሚለበልበን እሱ ነው። ይህን ያወቅኩት ተምሬው እንጂ መጽሐፉን ገልጬው አይደለም፤ የጋሽ ወልዴ ሰባተኛ ምዕራፍ ስለ ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ገና ነው። ብርቱካን ስለ ከተማችን የዳቦ ምድጃ የተሠራውን ምሳሌ አነበበችልን።

«ቲቸር፣ በዚህ ስሌት ከሆነ ምድጃው ከእኛ ገላ ያነሰ ሙቀት ነው የሚያወጣው» አለች። «እንዴት ይሆናል?»

ክፍሉ ትንሽ ሳቀ። እኔ ገጹን አየሁት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዋወቅን። ስህተቱ ገና ሳይታየኝ ግን አፌ ቀድሞኝ ሄደ። ምድጃው አሮጌ ከሆነ ይቻላል አልኩ። ከዚያ ደግሞ የቦንጋ አየር እርጥበት አለው፣ እርጥበት ሙቀትን ይውጣል አልኩ። ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው አልኩ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ተማሪ ዳቦ ከሚጋግር ምድጃ በላይ ሊሞቅ እንደሚችል በሦስት አቅጣጫ አስረዳሁ። ያስደነገጠኝ ምን መሰላችሁ፣ እስክሪብቶዎቹ ናቸው። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። አንዱ እርጥበት የሚለውን አሰመረበት።

የዚያን ጊዜ ነው ዓይኔ የተገለጠው። ራዲዬሽን ሲሰላ ሙቀቱ በኬልቪን መሆን አለበት፤ ማለትም በተለመደው መለኪያ ላይ ሁለት መቶ ሰባ ሦስት ይደመራል። ማንኛውም የምህንድስና ተማሪ ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው ቀን የሚነገር ነገር ነው። ጋሽ ወልዴ አልደመሩም። ካልተደመረ ደግሞ ምድጃው ይቀዘቅዛል። ገጹን ገለጥኩ፣ የሚቀጥለውም ያው ነው። ምዕራፉን በሙሉ ገለጥኩት፤ ከዳር እስከ ዳር ቀዝቅዟል። ብርቱካንን አንቺ ስንት መጣልሽ አልኳት።

«መጀመሪያ ደምሬ ነበር የሠራሁት» አለች። «ከመጽሐፉ ጋር አልገጠመልኝም። መቅድሙ ላይ እርስዎ መስመር በመስመር አይተውታል ይላል። ስለዚህ የእኔን ሰረዝኩት። ሞዴል ፈተናውንም እንደ መጽሐፉ ነው የሠራሁት።»

ሞዴል ፈተና ላይ የራዲዬሽን ጥያቄዎች በሙሉ ስህተት ሆነውባት ነበር። ትክክሉን ታውቅ ነበር፤ የሰረዘችው እኔን አምና ነው። መጽሐፉ ተሳስቷል፣ ደምሩ አልኳቸው። ከኋላ አንዱ እርጥበቱንም ልሰርዘው አለኝ። ሰርዘው አልኩት። ከፍታውንስ አለ። እሱንም።

እዚያው ላይ ማለት የነበረብኝን አላልኩም። መጽሐፉ ተሳስቷል አልኩ እንጂ እኔ አላየሁትም አላልኩም። ሲወጡ ሁለት ተማሪዎች ሲያወሩ ሰማኋቸው፤ ጋሽ ወልዴ አርጅተዋል ማለት ነው፣ ያሳዝናል ይላሉ። መቅድሙ ላይ ያለውን ስሜን ያነሣው የለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሁለት መቶ ሰባ ሦስትን ሲያስደምሩ የኖሩ ሰው ስም በእኔ ፈንታ ኮሪደሩ ላይ ይጎተታል። እኔ ከኋላቸው ቆሜ በሩን እቆልፋለሁ። ከሁሉም ይህች ናት ያንገበገበችኝ።

ቤታቸው ሩቅ አይደለም። ባጃጅ ቶሎ ያደርሰኛል ብዬ ስለፈራሁ በእግሬ ሄድኩ። መንገድ ላይ ንግግር አዘጋጀሁ፤ በአጠቃላይ ሲታይ የሚል ነበረበት፣ የጊዜ እጥረት የሚልም ነበረበት። ጋሽ ወልዴ በረንዳው ላይ ብርሃን ያለበት ቦታ ተቀምጠው ነበር። እትዬ አስቴር ከቤት ወጥተው ሲያዩኝ ገና ሳልቀመጥ ማር ሊያመጡ ተመለሱ። ንግግሬ በሙሉ ጠፋብኝ።

«ጋሼ፣ አላነበብኩትም» አልኩ።

«የቱን?»

«ሰባተኛውን።»

«ሌላውንስ?»

ዝም አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለት ቻልኩ። ከዚያ ስለ ብርቱካን፣ ስለ ምድጃው፣ ስላልተደመረው ቁጥር ሁሉንም ነገርኳቸው። እትዬ አስቴር ማሩን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። በአካባቢው ቋንቋ በካፊኖኖ ባላቸውን አንድ ነገር ጠየቋቸው፤ እሳቸውም አጠር አድርገው መለሱላቸው። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። እትዬ አስቴር ግን ማሩን እንደያዙ ወደ ቤት ተመልሰው ገቡ።

ጋሽ ወልዴ ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ እጃቸውን አንሥተው ፊት ለፊታቸው ያዙት፤ ጣቶቻቸውን ያያሉ።

«ጅማ ሐኪም ቀጥሮኝ ነበር» አሉ። «ዓይኔን ሊሠራልኝ። ፈራሁ፤ ዓይን ነው። ከዚያ ለራሴ እንዲህ አልኩ፣ በዚህ ዓይን የሠራሁት ሰባተኛው ምዕራፍ ትክክል ከሆነ ገና ነኝ፣ አልቸኩልም። አንተ ግሩም ነው ስትለኝ ቀጠሮውን ተውኩት።»

ይቅርታ አልኳቸው፤ ይቅርታ ለዚህ በጣም ትንሽ ቃል ነው፣ ግን ሌላ አልነበረኝም። እኔ እሳቸውን ደስ ያሰኘሁ መስሎኝ ማር ስልስ የዓይናቸውን ወራት ነበር የበላሁባቸው። እንዳትራራልኝ ያሉኝ ለዚህ ነበር። ያሉትን ማለታቸው ነበር፤ ከበስተጀርባው ምንም አልነበረም።

በማግስቱ ተማሪዎቹን ሰብስቤ ነገሩን እንደሆነው ነገርኳቸው፦ ጋሽ ወልዴ እይልኝ ብለው ሰጡኝ፣ ሳላይ አየሁ አልኩ። እንዲህ ያለ ንግግር ከመምህር ሰምተው አያውቁም መሰለኝ፣ ማንም አልጻፈውም። አንዱ የሳቀ ነበር፤ አልከፋኝም። ብርቱካን እርሳሷን አንሥታ የሰረዘችውን ከጎኑ መልሳ መጻፍ ጀመረች። ሠናይት ቢሮዋ ጠርታኝ ያለችኝን እዚህ አልደግመውም፤ ሁሉም ትክክል ነበር።

ጋሽ ወልዴ አዲስ ቀጠሮ ይዘዋል። እስከዚያ ድረስ ግን መጽሐፉ መታረም አለበት፤ ፈተናው አይጠብቅም። ስለዚህ ከሥራ በኋላ ቤታቸው እየሄድኩ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እያንዳንዱን መስመር ድምፄን አሰምቼ አነብላቸዋለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ቁጥር ስዘል ያውቁብኛል፣ ስቸኩልም ያውቁብኛል። አንዳንዴ መልሰህ አንብበው ይላሉ። ማር ከመጣ ቆይቷል፤ ውሃ ግን ይቀርብልኛል።

ትናንት ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነበርን። ማንኪራ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ስለሚሰቀል ቀፎ የጻፉት አለ። ንብ አናቢው ቀፎውን ለምን በቅጠልና በልጥ ደራርቦ እንደሚሸፍነው፣ ሌሊት ጫካው ሲበርድ ንቦቹ የሠሩት ሙቀት በየትኛው ሽፋን በኩል ምን ያህል ቀስ ብሎ እንደሚወጣ፣ አናቢው አንድ ዙር ሲጨምር ምን እንደሚለወጥ፤ ቀመሩን ከዚያ ቀስ አድርገው ያወጡታል። ስንት ዓመት ያስተማርኩት ነገር እንዲህ ገብቶኝ አያውቅም። ማንበቤን አቆምኩ። ብርቱካን ይህን ገጽ ስታነብ ታየችኝ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ይሄ ግን እውነት በጣም ግሩም ነው።»

ዓይናቸውን አልከፈቱም። ፊታቸው ላይ ምንም አልተለወጠም።

«ስህተት ካላየህ ቀጥል» አሉኝ።

ቀጠልኩ።